የታመሙ ልጆች ቤት ሲዛወር

ሁለተኛው ልጃችን የአራት ዓመት ልጅ ሳለ በክረምት ወራት ሳንባ ምች ታምሞ ሆስፒታል ተኛ። አሥራ አንድ ሌሊት አብሬው አደርኩ። ከእነዚያ ሌሊቶች ይልቅ የማልረሳው ግን አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። ሐኪሙ የልጁ ደረት ራጅ እንዲነሣ አዘዘ። ራጅ ክፍሉ የሚገኘው ከግቢው ማዶ በሌላ ሕንፃ ውስጥ ነበር። በውጭ ዝናቡ ዶፍ ነው። እኔ ልጁን በጋቢ ጠቅልዬ አቀፍኩት፤ ባለቤቴ በአንድ እጁ የግሉኮሱን ጠርሙስ ከፍ አድርጎ፣ በሌላ እጁ ጃንጥላ ይዞ ከጎኔ ይራመድ ነበር። ግቢው መካከል ስንደርስ ነፋሱ ጃንጥላውን ገለበጠው። ደረቱን ሊታከም የመጣው ልጅ በስብሶ ራጅ ክፍል ገባ።

በጊዜው የተቆጣሁት በዝናቡ ነበር። ሐኪሞቹም ሆኑ ነርሶቹ የሚችሉትን ሁሉ አድርገውልናልና በእነርሱ ላይ ቅሬታ የለኝም። ቆይቼ ሳስበው ግን ሌላ ጥያቄ መጣብኝ። የሕፃናቱን ክፍል እዚህ፣ ራጁን እዚያ ማዶ ያደረገው ማን ነው? የሕንፃው ንድፍ ወረቀት ላይ ሲሣል፣ በሁለቱ ክፍሎች መካከል ልጅ አቅፋ የምታልፍ እናት ታይታቸው ነበርን?

ይህ ጥያቄ ስለ ሕፃናት ሆስፒታሎች አሠራርና ዝውውር እንዳነብ አነሣሣኝ። ሆስፒታል ማዛወር ዕቃ ጭኖ ቤት እንደ መልቀቅ ቀላል ነገር አይደለም። አንድ ከተማ የታመሙ ልጆቹን ቤት ለመቀየር ሲነሣ ስንት ዓመት እንደሚፈጅበት፣ የት ላይ እንደሚሳሳትና ማንን መጠየቅ እንደሚረሳ ስመለከት፣ ነገሩ የሐኪሞችና የመሐንዲሶች ብቻ ሳይሆን የወላጆችም ጉዳይ እንደሆነ ተረዳሁ። ስለዚህ ከሦስት ከተሞች ያገኘሁትን ላካፍላችሁ እወዳለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የት እንሥራው? የደብሊን ክርክር

የአየርላንድ ዋና ከተማ ደብሊን ሦስት የሕፃናት ሆስፒታሎች ነበሯት። አንደኛው በ1821 ዓ.ም. የተመሠረተው ብሔራዊ የሕፃናት ሆስፒታል ነው። ሁለተኛው በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ የካቶሊክ መነኮሳት ይመሩት የነበረው የቴምፕል ስትሪት ሆስፒታል ሲሆን፣ ሦስተኛው በ1956 ዓ.ም. የተከፈተው የክራምሊን ሆስፒታል ነው። ሦስቱም በየበኩላቸው ብዙ ልጆችን አድነዋል። ነገር ግን ሕንፃዎቹ አረጁ፤ ክፍሎቹም ጠበቡ። ከዚህም በላይ በሀገሪቱ ያሉት ጥቂት የልዩ ሕክምና ባለሙያዎች በሦስት ቦታ ተበታተኑ። በመሆኑም ገና በ1993 ዓ.ም. የሕፃናት ሐኪሞች አንድ ላይ መጠቃለል እንደሚሻል ሐሳብ አቀረቡ።

በ2006 ዓ.ም. አንድ ጥናት ከዚህ ሐሳብ አንድ እርምጃ አልፎ ሄደ። ሆስፒታሉ አንድ መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ ከአንድ ትልቅ የአዋቂዎች ሆስፒታል አጠገብ መሠራት አለበት አለ። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ብርቅ የሆኑ ሐኪሞችና ውድ መሣሪያዎች ለሁለቱም ያገለግላሉ። ከልጅነት ሕመሙ ጋር የሚያድግ ወጣትም አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላው ወደማያውቀው ስፍራ አይጣልም። ከተቻለ ደግሞ የወሊድ ሆስፒታል በአጠገቡ ቢኖር የልብ ጉድለት ይዞ የተወለደ ሕፃን ከእናቱ ተነጥሎ በአምቡላንስ ከተማ አያቋርጥም። የእኔና የባለቤቴ የዝናብ ጉዞ ለእኛ የደቂቃዎች ጉዳይ ነበር። ለአንዳንዱ ሕፃን ግን ርቀት የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነው።

በዚያው ዓመት መንግሥት በከተማው መካከል የሚገኘውን የማተር ሆስፒታል ግቢ መረጠ። ይሁን እንጂ ቦታው ጠባብ ስለነበር ሕንፃው ወደ ላይ መርዘም ግድ ሆነበት። ንድፉ 16 ፎቅ ያህል ሆነ። በየካቲት 2012 ዓ.ም. የግንባታ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ሕንፃው ለጥንታዊው ከተማ እጅግ ይገዝፋል፣ ለቦታውም ከልክ ያለፈ ነው ሲል ፈቃድ ከለከለ። ስድስት ዓመት የተደከመበትና ብዙ ሚሊዮን ዩሮ የወጣበት ዝግጅት ከንቱ ቀረ።

በዚያው ዓመት በኅዳር ወር የቅዱስ ያዕቆብ ሆስፒታል ግቢ ተመረጠ። አሁን ደግሞ ሌላ ክርክር ተነሣ። ከደብሊን ውጭ የሚኖሩ ብዙ ወላጆች «እኛ በመኪና ነው የምንመጣው፤ የታመመ ልጅ ይዘን የከተማውን መጨናነቅ እንዴት እናልፈዋለን?» በማለት ከዋናው የቀለበት መንገድ አጠገብ፣ በኮኖሊ ሆስፒታል በኩል ባለው ሰፊ ሜዳ ላይ እንዲሠራ ጠየቁ። ሐኪሞቹ በበኩላቸው በቅዱስ ያዕቆብ ግቢ ያለው የልዩ ሕክምና ስብስብ ሌላ ቦታ አይገኝም አሉ።

እስቲ ፍረዱ! ማን ነው የተሳሳተው? አንዱ ወገን የሚናገረው ስለ መንገዱ ነው፤ ሌላው መንገዱ ካለቀ በኋላ በአልጋው ላይ ስለሚሆነው። ሁለቱም የሚናገሩት ስለ አንድ ልጅ ነው። እውነተኛ ክርክር ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ በክፉና በደግ መካከል ሳይሆን በሁለት ደግ ነገሮች መካከል ይሆናል። በመጨረሻ የቅዱስ ያዕቆብ ግቢ ጸንቶ በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ፈቃድ አገኘ። ለሩቅ ቤተሰቦችም ጥያቄ ከፊል መልስ ተሰጠ። በኮኖሊ በ2019፣ በታላ ደግሞ በ2021 ዓ.ም. ቅርንጫፍ የሕፃናት ማዕከሎች ተከፈቱ። ቀላል ጉዳትና ድንገተኛ ሕመም ያለበት ልጅ መሐል ከተማ ሳይገባ እዚያው ታክሞ ይመለሳል።

ወጪውን ያልቆጠረ

ከቦታው ክርክር በኋላ የገንዘቡ ጣጣ መጣ። በ2017 ዓ.ም. መንግሥት የፈቀደው 983 ሚሊዮን ዩሮ ነበር። በ2018 መጨረሻ ሒሳቡ 1.43 ቢሊዮን ደረሰ። በ2024 ዓ.ም. ጠቅላላ የተፈቀደው 2.24 ቢሊዮን ዩሮ ሆነ። ምክንያቱ ብዙ ቢሆንም አንዱ ለማንም ቤት ሠሪ የሚገባ ነው። የሥራው ውል የተጀመረው ዝርዝር ንድፉ ተሠርቶ ሳያልቅ ነበር። ንድፉ እየተዘረዘረ ሲሄድ የሚያስፈልገው ዕቃና ሥራ ከታሰበው በለጠ። ጌታ ኢየሱስ ግንብ ሊሠራ ስለሚወድና አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን ስለማያሰላ ሰው የተናገረው ምሳሌ በሀብታም ሀገርም ይሠራል ማለት ነው።

የሚያሳዝነው ግን ገንዘቡ ብቻ አይደለም። የማተር ግቢ በተመረጠበት በ2006 ዓ.ም. በደብሊን የተወለደ ሕፃን በ2024 አሥራ ስምንት ዓመት ሞላው። አዲሱ ሆስፒታል በሩን ሳይከፍትለት ልጅነቱን ጨረሰ። የማስረከቢያው ቀን ከአሥር ጊዜ በላይ ተገፍቷል። ትልልቆች ሲከራከሩ ልጆች ያድጋሉ፤ ሕመምም ቀጠሮ አይሰጥም።

አስታማሚዋ የት ትደር?

በሆስፒታል በነበርኩባቸው ቀናት ከአጠገባችን ከገጠር የመጡ አንዲት እናት ነበሩ። ማታ ማታ ካርቶን ዘርግተው አልጋው ሥር ይተኛሉ። አንድ ሌሊት እንቅልፍ ስላጣን ስንጨዋወት «ልጄ፣ እዚህ የሚታከመው ልጁ ነው፤ እናቱንስ ማን ያክማት?» አሉኝ። ቀልድ መስሏቸው ነበር የተናገሩት፤ ለእኔ ግን ትምህርት ሆነ።

እኛ ሀገር አስታማሚ የሌለው በሽተኛ አይታሰብም። በብዙ የአውሮፓ ሆስፒታሎች ግን ለረጅም ዘመን የነበረው ተቃራኒው ነው። በእንግሊዝ ሀገር እስከ 1950ዎቹ ድረስ ወላጅ የታመመ ልጁን የሚጠይቀው በሳምንት ጥቂት ሰዓት ብቻ የሆነባቸው ሆስፒታሎች ብዙ ነበሩ። «ወላጅ ሲመጣ ልጁ ያለቅሳል፤ ባይመጣ ግን ዝም ይላል» ይባል ነበር። ጄምስ ሮበርትሰን የተባለ ባለሙያ ይህ ዝምታ ሰላም እንዳልሆነ ተገነዘበ። በ1952 ዓ.ም. አንዲት የሁለት ዓመት ልጅ ለቀላል ቀዶ ሕክምና ሆስፒታል ገብታ ያሳለፈቻቸውን ስምንት ቀናት በፊልም ቀርጾ አሳየ። ልጅቷ ብዙ አትጮኽም፤ ግን ቀን በቀን ፊቷ እየጠቆረ፣ ከእናቷም እየራቀች ስትሄድ ይታያል። ብዙ ሐኪሞች ፊልሙን ባዩ ጊዜ ተቆጡ። ቢሆንም ነገሩ ተድበስብሶ አልቀረም። በ1959 ዓ.ም. የፕላት ሪፖርት በመባል የሚታወቀው የመንግሥት ኮሚቴ ጥናት ወላጆች በማንኛውም ሰዓት ልጃቸውን እንዲጠይቁ፣ እናቶችም ከትንንሽ ልጆቻቸው ጋር እንዲያድሩ መከረ።

ዛሬ አዲስ የሕፃናት ሆስፒታል ሲነደፍ ይህ ትምህርት በግድግዳው ውስጥ ይገባል። የደብሊኑ ሕንፃ የተነደፈው 380 ነጠላ የመኝታ ክፍሎች እንዲኖሩት ነው። እያንዳንዱ ክፍል የራሱ መታጠቢያ ቤት አለው፤ ለወላጅም መኝታ ተዘጋጅቶለታል። ይህ ቅንጦት እንዳይመስላችሁ። ነጠላ ክፍል ተላላፊ በሽታ ከልጅ ወደ ልጅ እንዳይሻገር ይከላከላል። የወላጅ አልጋ ደግሞ ልጁ ሌሊት ሲነቃ የሚያውቀውን ፊት እንዲያይ ያደርጋል። ካርቶን አንጥፈው ያደሩት እናት ጥያቄ መልስ ያገኘው በንድፍ ወረቀት ላይ ነው።

ልጆቹን ማን ጠየቃቸው?

በእንግሊዝ የምትገኘው ሊቨርፑል ከ1914 ዓ.ም. ጀምሮ አልደር ሄይ የሚባል የሕፃናት ሆስፒታል አላት። የድሮው ሕንፃ ሲያረጅ ከተማዋ ብልህ የሆነ መንገድ መረጠች። ከሆስፒታሉ አጠገብ መናፈሻ ነበር። አዲሱ ሆስፒታል በመናፈሻው መሬት ላይ ይሠራል፤ ሕፃናቱ ከተዛወሩ በኋላ አሮጌው ይፈርስና ቦታው ተመልሶ መናፈሻ ይሆናል የሚል ስምምነት ተደረገ። በዚህ መንገድ ግንባታው ሲካሄድ ሕክምናው አልተቋረጠም። በሽተኞች ባሉበት ሕንፃ ውስጥ እያፈረሱ መሥራት አቧራውም፣ ጩኸቱም፣ ጀርሙም ለታመመ ልጅ አደጋ ነውና።

ይበልጥ የወደድኩት ግን ሌላ ነገር ነው። ንድፉ ሲዘጋጅ ልጆቹ ራሳቸው ተጠየቁ። ምን እንደሚፈልጉ ተናገሩ፤ ሣሉም። አንዲት ታዳጊ የሣለችው አበባ ለንድፉ መነሻ ከሆኑት አንዱ እንደነበር ይነገራል። ልጆቹ የጠየቁት እብነ በረድ ወይም የወርቅ መብራት አልነበረም። ከአልጋቸው ሆነው ዛፍ ማየትና ውጭ ወጥተው መጫወት ነበር የፈለጉት። ስለዚህ ሕንፃው እንደ እጅ ጣቶች ተዘርግቶ ወደ መናፈሻው እንዲገባ፣ የመኝታ ክፍሎቹም አረንጓዴ ነገር እንዲያዩ ተደረገ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. 270 አልጋ ያለው አዲሱ ሆስፒታል ሥራ ጀመረ።

እኛ ትልልቆች ለልጆች ብዙ ነገር እናደርጋለን፤ የምንጠይቃቸው ግን ጥቂት ጊዜ ነው። «ልጅ ምን ያውቃል?» እንላለን። ሐኪም ስለ ሕመሙ ያውቃል፤ ጣራውን እያየ ቀኑን ሙሉ በጀርባው የተኛው ግን ልጁ ነው። ጣራው ምን መምሰል እንዳለበት ከእርሱ የበለጠ የሚያውቅ ማን ነው?

አምስት ቀን ሲቀረው

ሦስተኛዋ ከተማ የስኮትላንዷ ኤድንበርግ ናት። በዚያ የሕፃናት ሆስፒታል የተመሠረተው በ1860 ዓ.ም. ሲሆን፣ ሳያንስ በሚባለው ሰፈር ያለው ቀይ የድንጋይ ሕንፃ ደግሞ በ1895 ተከፈተ። ከመቶ ሃያ ዓመት በላይ የከተማዋ ልጆች እዚያ ታክመዋል። በኋላም ሊትል ፍራንስ በሚባለው አካባቢ ከአዋቂዎቹ ትልቅ ሆስፒታል አጠገብ 150 ሚሊዮን ፓውንድ የወጣበት አዲስ ሆስፒታል ተሠራ። በየካቲት 2019 ዓ.ም. ሕንፃው ተረከቡት፤ ለግል ኩባንያውም በየወሩ ወደ 1.4 ሚሊዮን ፓውንድ መክፈል ተጀመረ። የመዛወሪያው ቀን ሐምሌ 9 ቀን ሆኖ ተቆረጠ። ዕቃ ታሸገ፤ ቤተሰቦችም ቀጠሮአቸው በአዲሱ ሆስፒታል እንደሚሆን ተነገራቸው።

ሐምሌ 4 ቀን፣ ልክ አምስት ቀን ሲቀረው፣ የጤና ሚኒስትሯ ጂን ፍሪማን «ዝውውሩ ይቁም» አሉ።

ምን ተገኘ? በመጨረሻው ፍተሻ የጽኑ ሕሙማን ክፍሎቹ አየር መስፈርቱን እንደማያሟላ ታወቀ። በእንደዚህ ያሉ ክፍሎች አየሩ በሰዓት አሥር ጊዜ መለወጥ አለበት፤ ይህም በየስድስት ደቂቃው ማለት ነው። በአዲሱ ሕንፃ ግን የሚለወጠው በሰዓት አራት ጊዜ፣ በየአሥራ አምስት ደቂቃው ነበር። ጤነኛ ሰው ልዩነቱን አያውቀውም። ሰውነቱ በሽታ መከላከል ላቃተው፣ በመሣሪያ ለሚተነፍስ ሕፃን ግን ሳይለወጥ የሚቆየው አየር ጀርም ይዞ ይጠብቀዋል።

ስሕተቱ ከየት እንደመጣ ሲመረመር በ2012 ዓ.ም. ከተዘጋጀ አንድ ሰንጠረዥ ተገኘ። የእያንዳንዱ ክፍል የአየርና የሙቀት ልክ በተዘረዘረበት በዚያ ሰነድ ውስጥ ለጽኑ ሕሙማን ክፍሎች የተሳሳተ ቁጥር ገብቷል። ሰነዱ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ሰባት ዓመት ቆየ። ብዙ የተማሩ ሰዎች አዩት፤ እያንዳንዱም ከእርሱ በፊት ያለው አረጋግጦታል ብሎ አለፈ። ቁጥሩ ኮንክሪት ሆነ፤ የአየር ቱቦ ሆነ፤ ጣራ ሆነ።

ማስተካከያው ወደ 16 ሚሊዮን ፓውንድ ፈጀ። ቤተሰቦችም ወደ አሮጌው ሆስፒታል ተመለሱ። ሕፃናቱ ወደ አዲሱ የገቡት በመጋቢት 2021 ዓ.ም. ነው፤ ከታሰበው ጊዜ አንድ ዓመት ከስምንት ወር ዘግይቶ ማለት ነው። ጉዳዩን የሚመረምር የሕዝብ አጣሪ ኮሚሽንም በዳኛ ሎርድ ብሮዲ መሪነት በ2020 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ።

ይህን ታሪክ ሳነብ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ስሕተቱ ነበር። በኋላ ግን ስለዚያ «ይቁም» ስላለ ቃል ማሰብ ጀመርኩ። ሁሉ ነገር ተዘጋጅቶ፣ ገንዘቡ ተከፍሎ፣ ጋዜጠኛው ደጅ ቆሞ ሳለ «አልተሳካም» ማለት እጅግ ያሳፍራል። «አሁንማ እንግባ፤ ሰው እያለበት ቀስ ብለን እናስተካክላለን» የሚለው ሐሳብ በየኮሚቴው ውስጥ አይጠፋም። ለመሆኑ ስንቶቻችን እውነቱን እያወቅን ዕፍረቱን ፈርተን የማይሆነውን ነገር አጽድቀናል? ሚኒስትሯ ቢያፍሩም አንድም ሕፃን ያንን አየር አልተነፈሰም።

የመዛወሪያው ቀን

ሁሉ ተሟልቶ ቀኑ ሲደርስስ ዝውውሩ እንዴት ይፈጸማል? ሆስፒታል እንደ ሱቅ «ለዕድሳት ዝግ ነን» ብሎ አይለጥፍም። ስለዚህ ዝግጅቱ ከብዙ ወራት በፊት ይጀምራል። ነርሶችና ሐኪሞች በባዶው ሕንፃ ውስጥ ይለማመዳሉ። በአሻንጉሊት በሽተኛ ከድንገተኛ ክፍል ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ይሮጣሉ፤ በሩ ለአልጋው ይበቃ እንደሆነ፣ ሊፍቱ ስንት ደቂቃ እንደሚያቆይ ይለካሉ። ሊቆይ የሚችል ቀዶ ሕክምና ለጥቂት ሳምንታት ይተላለፋል፤ መዳን የቻሉ ልጆችም ወደ ቤታቸው ይሸኛሉ፤ በዕለቱ የሚጓጓዙት ልጆች ቁጥር እንዲያንስ ማለት ነው።

በዕለቱም የአሮጌው ድንገተኛ ክፍል በር ሲዘጋ የአዲሱ በዚያው ሰዓት ይከፈታል። ሕፃናቱ አንድ በአንድ በአምቡላንስ ይጓዛሉ፤ ጽኑ ሕመም ያለበት ልጅ ከሐኪሙና ከነርሱ ጋር ይሄዳል። እንግዲህ በዚያች ጥቂት ኪሎ ሜትር መንገድ ውስጥ የብዙ ዓመት ዕቅድ ይፈተናል።

በግድግዳ ላይ የቀረው

ዕቅድ የማይሸከመው ነገርም አለ። በኤድንበርግ አሮጌው ሆስፒታል ውስጥ አንዲት ትንሽ የጸሎት ቤት አለች። የሞቱ ሕፃናት ሬሳ እስኪቀበር ድረስ በክብር የሚያርፍባት፣ ወላጆችም የሚሰናበቱባት ስፍራ ነበረች። ፊቢ አና ትራኳየር የተባለች ሠዓሊ በ1885 ዓ.ም. በቀደመው የሆስፒታሉ ሕንፃ ውስጥ የነበረችውን የጸሎት ቤት ግድግዳ በሥዕል ሞልታው ነበር። ሆስፒታሉ ወደ ሳያንስ ሲዛወር ሕንፃው ሊፈርስ ሆነ። ሠዓሊዋ ግን ሥዕሎቹ እንዲተርፉ አጥብቃ ጠየቀች፤ ከፊሎቹም ተወስደው በአዲሱ ቦታ እንደገና ተሠሩ።

እንግዲህ ከመቶ ዓመት በፊትም ሆስፒታል ሲዛወር «ይህስ?» ብላ የጠየቀች ሴት ነበረች። ልጁን በዚያ ቤት የተሰናበተ ወላጅ ሕንፃውን እንደ ድንጋይ ብቻ አያየውም። ለአንዱ ልጁ የዳነበት ነው፤ ለሌላው የመጨረሻውን እስትንፋስ የሰማበት። አዲስ ቤት ስንሠራ በአሮጌው ቤት የፈሰሰውን እንባ አለማቃለል ተገቢ ነው።

ለወላጆች ጥቂት ምክር

በሀገር ውስጥም ሆነ በውጭ የምትኖሩ ወላጆች፣ ልጃችሁ ክትትል የሚያደርግበት ሆስፒታል ወይም ክሊኒክ ሊዛወር ከሆነ እነዚህን አትርሱ፦

አንደኛ፣ ድንገተኛ ክፍሉ የሚዛወርበትን ትክክለኛ ቀንና ሰዓት ጠይቁ። ሌሊት ልጅ ሲታመም ወደ ባዶ ሕንፃ መሄድ አይገባም።

ሁለተኛ፣ የልጃችሁን የሕክምና ካርድ ቁጥር፣ የሚወስደውን መድኃኒት ስምና ልክ፣ የማይስማማው መድኃኒት ካለም በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ። በዝውውር ጊዜ ፋይል ሊዘገይ ይችላል።

ሦስተኛ፣ ለልጁ አስቀድማችሁ እውነቱን ንገሩት። «ሲስተርዋን እዚያም ታገኛታለህ፤ ክፍሉ ግን አዲስ ነው» በሉት። ቢቻል ከቀጠሮው በፊት ወስዳችሁ በሩን አሳዩት። የሚወደውን ብርድ ልብስ ወይም አሻንጉሊትም አትንፈጉት።

አራተኛ፣ ባልና ሚስት ሌሊቱን ተከፋፈሉ። ማስታመም የእናት ዕጣ ብቻ አይደለም። ልጅ የአባቱንም ትንፋሽ በአጠገቡ ሲሰማ ይጸናል።

አምስተኛ፣ አስተያየት ስትጠየቁ ዝም አትበሉ። የሕንፃ ኮሚቴው ያላየውን እናንተ አይታችኋል።

ሽንት ቤቱ የት ነው?

ባለፈው ዓመት የቤተ ክርስቲያናችን የሕንፃ ኮሚቴ የአዲሱን አዳራሽ ንድፍ አጠናቀቀ። ባለቤቴ ወረቀቱን ይዞ መጥቶ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋው። አዳራሹ ያምራል፤ መድረኩም ሰፊ ነው። የሰንበት ትምህርት ክፍሉን ፈልጌ ያገኘሁት ከጄኔሬተሩ ቤት ጀርባ ነበር።

«እስቲ ልጆቹን እንጠይቃቸው» አልኩት። መጀመሪያ ሳቀ፤ ሆኖም በሚቀጥለው ስብሰባ ስድስት ልጆች ተጋበዙ። ሽማግሌዎቹ ንድፉን በትዕግሥት አስረዷቸው። ልጆቹ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ወረቀቱን ተመለከቱ። ከዚያ አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ጣቷን አውጥታ «ጋሼ፣ ሽንት ቤቱ የት ነው?» አለች።

ሰብሳቢው በእስክሪብቶ አሳያት። ከግቢው ማዶ ነበር።

«ክረምት ሲዘንብስ?» አለች።

ባለቤቴ ቀና ብሎ አየኝ። ሁለታችንም ያንን የተገለበጠ ጃንጥላ እንዳስታወስን አውቃለሁ። ያ ልጃችን አሁን ጎልማሳ ሆኗል፤ ስለዚያ ቀን ሲጠየቅ ዝናቡን አያነሣም፤ የግሉኮሱን ጠርሙስ ከፍ አድርጎ የያዘውን የአባቱን እጅ ነው የሚያስታውሰው። ሆኖም ያ እጅ በዝናብ ውስጥ መቆም አልነበረበትም።

ንድፉ ተመልሶ ወደ መሐንዲሱ ሄደ። ሥራው በሁለት ወር ዘገየ፤ አንዳንዶችም አጉረመረሙ። አሁን የልጆቹ ክፍል ከአዳራሹ ጋር በአንድ ጣራ ሥር ነው፤ ሽንት ቤቱም ከክፍሉ በር አጠገብ።